«ይህ ዝምታ ጥጋብ አይመስለኝም»፦ እናት አልባ የጊኒ ፒግ ግልገሎችን በእጅ ስለ ማሳደግ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «በሬው፣ ግመሉ፣ በጉ ሁሉ አልቆ ነው ጊኒ ፒግ ላይ የደረስኸው?» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱ መሠረት የለውም አልልም። ከብት በሞላበት አገር የሚኖር የእንስሳት ሐኪም፣ መቶ ግራም ስለማትሞላ ፍጥረት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲናገር መስማት ያስገርማል። ነገር ግን በሙያ ዘመኔ የራሴን አላዋቂነት ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ በሬም ግመልም አልነበረም። ያሳዩኝ እናታቸው የሞተችባቸው አራት የጊኒ ፒግ ግልገሎች ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ሞቱ። ሦስቱም የሞቱት ስጠነቀቅላቸው በነበረው በእኔው እጅ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ እንዴት እንደሞቱና አንዷ እንዴት እንደተረፈች ነው።

አስቀድሜ ስለ እንስሳዋ ጥቂት ልበል። ጊኒ ፒግ ከጊኒ የመጣች አይደለችም፤ አሳማም አይደለችም። አገሯ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። እዚያ ሰዎች ካላመዷት ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ በፔሩ፣ በኢኳዶርና በቦሊቪያ እስከ ዛሬ ድረስ ሥጋዋ ይበላል። ወደ አውሮፓ የወሰዷት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን ናቸው። በዘር ምደባም ቢሆን ከተራው አይጥ ይልቅ ለጃርት ትቀርባለች። ይህን የጃርት ዝምድና ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል። ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ለዓለም ሲያስተዋውቅ ማስረጃውን ያቆመው በአብዛኛው በጊኒ ፒግ ላይ በሠራው ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሟ የ«መሞከሪያ» ሌላ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በእኛ ሙያ ደግሞ የአባ ጎርባ ክትባት ኃይል አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን የተመለሰው በእሷ ነው። ወይፈኑን ለማስከተብ ወረፋ የሚጠብቀው ገበሬ ስሟን ሰምቶ አያውቅ ይሆናል እንጂ ባለውለታው ናት።

እኔም ያገኘኋት በዚሁ መንገድ ነው። ከተመረቅሁ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም ውስጥ የቤተ ሙከራ እንስሳት ቤት ኃላፊ ተደረግሁ። ከእኔ በፊት ቤቱን በተግባር ያስተዳድሩ የነበሩት አንዲት በዕድሜ የገፉ የእንስሳት ተንከባካቢ ናቸው። ዲግሪ የላቸውም፤ ሃያ ዓመት ግን ነበራቸው። ዕለቱ ቅዳም ሹር ነው። እሳቸው ለበዓል ወደ ቤታቸው ሄደዋል። እኔ ብቻዬን ተረኛ ነኝ። ከሰዓት በኋላ አንዲት እርጉዝ ጊኒ ፒግ ምጥ ላይ ቆይታ አራት ግልገሎች ከወለደች በኋላ ደም ፈሷት ሞተች። ግልገሎቹን መዘንኋቸው፦ 94፣ 88፣ 79 እና 63 ግራም። የመጨረሻዋ ሴት ነበረች።

ያን ጊዜ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። አራቱም ዓይናቸው በርቷል። ጠጉራቸው ሙሉ ነው። እርጥበታቸው ገና ሳይደርቅ ተነሥተው ሄዱ። ጥርስ አላቸው። የድመት ግልገል ዓይኗን ለመግለጥ ከሳምንት በላይ ይወስድባታል፤ የአይጥ ግልገል ደግሞ ጠጉር የሌለው ቀይ ሥጋ ሆና ትወለዳለች። ጊኒ ፒግ ግን ከ59 እስከ 72 ቀን በማኅፀን ስለምትቆይ ሌሎች ከተወለዱ በኋላ የሚጨርሱትን እድገት እዚያው ውስጥ ጨርሳ ትመጣለች። የወተት ጥርሷን እንኳ የምታወልቀው ሳትወለድ ነው። የጃርት ግልገልም እንዲሁ ዓይኗን ገልጣ ነው የምትወለደው። አንድ ጥጃ ወይም አንድ በግ ከተወለደ በኋላ ወዲያው ቆሞ እንደሚሄድ ሁሉ ይህችም በመጀመሪያው ቀን ድርቆሽ መቆርጠም ትጀምራለች።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። ዳሩ ግን የተወለደ ሁሉ ወተት ይፈልጋል የሚለው አሳብ ከመጽሐፉ ይልቅ በውስጤ ሥር ሰዶ ነበር። ልጅ ሆኜ እናቱ የሞተችበትን በግ በጡጦ አሳድጌያለሁ። በትምህርት ቤት ደግሞ «እንገር በጊዜ ያላገኘ ጥጃ አይድንም» የሚለውን ትምህርት በቃሌ ይዤዋለሁ። ስለዚህ ከሰፈር ወተት ቤት የላም ወተት ገዛሁ፤ አሞቅሁት፤ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መርፌውን ነቅዬ ግልገሎቹን አንድ በአንድ በጀርባቸው መዳፌ ላይ አስተኛሁና ሕፃን እንደማጠባ አጠባኋቸው።

እዚህ ላይ የእንገሩን ነገር ላብራራ፤ ተማሪዎቻችን ሁልጊዜ የሚስቱት ነውና። ጥጃ፣ ግልገል በግና የፍየል ግልገል ከእናታቸው ደም የበሽታ መከላከያ ይዘው አይወለዱም። የእንግዴ ልጁ አሠራር አያሳልፍም። ያላቸው ዕድል እንገር ብቻ ነው፤ እሱም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መግባት አለበት። በጊኒ ፒግ ግን፣ ልክ እንደ ሰው፣ አብዛኛው መከላከያ ገና በማኅፀን ሳለ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በተጨማሪም በትከሻዋ መካከል ቡናማ ስብ የሚባል ስንቅ ይዛ ትወለዳለች፤ ይህ ስብ ሙቀት ያመነጫል። እናቷ ባለችበትም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ 12 እስከ 24 ሰዓታት ብዙም የማትመገብ ግልገል አለች። ስለዚህ ያን ቀን ማታ የነበረኝ ነገር ጊዜ ነበር። እኔ ግን ጥጃ ፊት የቆምሁ ይመስል ቸኮልሁ።

ሁለቱ ትልልቆቹ፣ 94ቱና 88ቱ፣ ሲሪንጁን በጉጉት ያዙት። ደስ አለኝ። 79ኙም ትንሽ ወሰደ። ትንሿ ግን አፏን አልከፍት አለች፤ አስገድጄ ጥቂት ጠብታ ብቻ አቀመስኋት። ሌሊቱን እንቁላልና ዳቦ ወደሚጠብቀኝ ቤቴ ሄጄ በፋሲካ ማለዳ ስመለስ ሁለቱ ጎበዞች ሞተዋል። ከፍቼ አየኋቸው። ሳንባቸው ውስጥ ወተት ነበረ።

እናቶቻችን «ትን አለው» የሚሉት ነገር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ጡት የሚጠባ ግልገል እግሩ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ፣ ራሱ በሚወስነው ፍጥነት ይጠባል። በጀርባው የተኛ ግልገል ወተቱ በስበት ወደ ጉሮሮው ይወርድበታል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ደግሞ የሰውየው አውራ ጣት ነው። በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ አውራ ጣት ትንሽ ስትንቀጠቀጥ የምትፈስሰው ወተት ለ90 ግራም እንስሳ ጎርፍ ናት። ጎበዙ ግልገል የሞተው ጎበዝ ስለሆነ ነው፤ የሰጠሁትን ሁሉ ተቀበለኝ። ትንሿን ያዳናት እንቢታዋ ነበር።

በፋሲካ ዕለት ተምሬያለሁ ብዬ አሰብሁ። ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አመጣሁ። ግልገሎቹን በአራት እግራቸው አቆምሁ። በከንፈራቸው ጎን አንድ ጠብታ አስቀምጬ እስኪውጡ ጠብቄ ሌላ ጠብታ እጨምር ጀመር። ይህ ትክክለኛው አሠራር ነው፤ ዛሬም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ማታ ላይ 79ኙ ሆዱ ተነፍቶ፣ ስነካው እየጮኸ ተቸገረ። ጋዝ መሰለኝ። ሰኞ ጠዋት ሞተ። ስከፍተው አንጀቱ ደህና ነው። የሽንት ፊኛው ግን ሊፈነዳ እስኪደርስ ተወጥሯል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጊኒ ፒግ ግልገል በራሷ አትሸናም። እናቷ ከሥር እየላሰች ታሸናታለች፤ ይህ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። እኔ ከሁለት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ወተት ሳስገባ አንድም ጊዜ አላስወጣሁም። ያስፈልግ የነበረው በሞቀ ውኃ የራሰ ጥጥ ነው። በየምግቡ መጨረሻ ከሆዷ በታች ወደ ኋላ በቀስታ ጠረግ ጠረግ ቢያደርጓት ትሸናለች። ጥጥ በየመሳቢያው ነበረን።

ተንከባካቢዋ የተመለሱት ማክሰኞ ነው። ትንሿ ብቻ ቀርታለች። እሷን አሁን በጥጥ እጠርጋታለሁ፤ ጠብ ጠብ እያደረግሁ እመግባታለሁ፤ ከካርቶኗ ሥር የሞቀ ውኃ ያለበት ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬላታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንደ ወፍ ስታፏጭ ኖራ ነበር። ሰኞ ማታ ፉጨቷን አቆመች። ጥግ ይዛ፣ ጠጉሯን አቁማ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። እኔም በኩራት፣ «እማማ፣ ይህችኛዋስ ለምዳለች፤ ጠግባ ዝም ብላለች» አልኋቸው። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ፣ «ዶክተር፣ ይህ ዝምታ ጥጋብ አይመስለኝም» አሉኝ።

ስለዚያ ዝምታ ከብዙ ዓመታት በኋላ ያነበብሁትን ልንገራችሁ። ማይክል ሄነሲ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በኦሃዮ በሚገኘው ራይት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጊኒ ፒግ ግልገሎች ከእናታቸው ሲለዩ ምን እንደሚሆኑ ለዓመታት አጥንተዋል። ግልገሏን ለብቻዋ እንግዳ ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጧት መጀመሪያ ላይ ትጮኻለች፤ ትንቀሳቀሳለች። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ይቀንስና ትኮራመታለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ጠጉሯ ይቆማል። ይህ ሁኔታ የታመመ እንስሳ ከሚያሳየው ሁኔታ ጋር አንድ ነው። አስገራሚው ደግሞ ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ሲሰጣት ኩርምታው መቀነሱ ነው። ማለትም ብቸኝነቱ በአካሏ ውስጥ እንደ ሕመም ይሠራል። እንግዲህ አንዲት እናት አልባ ግልገል ዝም ስትል ሐኪሙ ሦስት ነገር መጠርጠር አለበት፦ ብርድ ገብቷታል ወይ፣ የደም ስኳሯ ወርዷል ወይ፣ ወይስ ብቻዋን ሆናለች። የእኔዋ ሙቀትም ምግብም ነበራት።

ተንከባካቢዋ ይህን ጥናት አላነበቡም፤ ጥናቱም ገና ያን ያህል አልታወቀም ነበር። ያነበቡት ግልገሏን ነው። «እዚያ ጥግ ያለችው ወላድ ክፉ አይደለችም፤ ልሞክር?» አሉኝ። ሁለት የሦስት ቀን ግልገሎች ያሏት እናት ነበረች። ትንሿን ከእናቲቱ ድርቆሽ ጋር አሻሽተው ሽታውን አስያዟትና ከሁለቱ ግልገሎች መካከል አስቀመጧት። እናቲቱ አሸተተቻት፤ ላሰቻት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትንሿ ከሆዷ ሥር ገብታለች። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ከፉጨቱ ፍጹም የተለየ፣ ዝቅ ያለ፣ የሚንጎራጎር ድምፅ ነው።

ጊኒ ፒግ ያላት ሁለት የጡት ጫፍ ብቻ ነው። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ሦስተኛዋ እንዴት ትኖራለች?» ይሉኛል። ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ወላዶች የሌላዋን ልጅ እንደራሳቸው ያጠባሉ፤ ይህም ከብዙ እንስሳት የሚለያቸው ጠባይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ግልገል ሙት ሆነች ሲሉኝ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ምን ወተት አለ?» አይደለም፤ «የምታጠባ እናት የት አለች?» ነው። አጥቢ እናት ባትገኝ እንኳ ጠባየ ለስላሳ የሆነች ሌላ ሴት ጊኒ ፒግ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ወተቱን እኛ እንሰጣለን። ምላሱንና ሙቀቱን ግን እኛ በጥጥና በጠርሙስ የምንተካው በግድ ነው።

ከዚህም ሌላ እኛ ጨርሶ የሌለን ነገር አለ። ግልገሎች የእናታቸውን ትኩስ ፋንድያ ይበላሉ። ይህን ያየ አዲስ ሠራተኛ «ጽዳት ጎደለ» ብሎ ሣጥኑን ሊያጥብ ይነሣል። ጊኒ ፒግ ድርቆሽ የምታብላላው በትልቁ ዕውር አንጀቷ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተህዋስያን ነው። ግልገሏ ዘሩን የምታገኘው ከእናቷ ፋንድያ ነው። እናት አልባ ግልገልን እጅግ ንጹሕ በሆነ ሣጥን ማሳደግ ማለት እርሾ ከሌለው ሊጥ እንጀራ መጠበቅ ነው። በሽታ የሌለባት ጎልማሳ እንስሳ ትኩስ ፋንድያ ጥቂት ፍሬ በድርቆሹ መካከል ማኖር ይበቃል። በዚያው ነገር ላይ ማስጠንቀቂያም አለኝ፦ ግልገሏ ስታነጥስ አይቶ ፔኒሲሊን የሚሰጣት ሐኪም ይኖራል። ለጥጃ መድኃኒት የሆነው ለጊኒ ፒግ መርዝ ነው። የአንጀቷን ተህዋስያን ሚዛን አፍርሶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድላት ይችላል።

ስለ ወተቱ አጭር ነገር ልበል፤ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው እሱን ነውና። የጊኒ ፒግ ወተት ፕሮቲኑ ወደ 8 በመቶ፣ ቅባቱ ወደ 4 በመቶ፣ የወተት ስኳሩ ወደ 3 በመቶ ነው። የላም ወተት በፕሮቲን ከግማሹ ያነሰ፣ በስኳር ደግሞ የበለጠ ነው። የፍየልም ቢሆን ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የወተት ዱቄት ከተገኘ የተሻለ ይቀርባል። ካልተገኘ የፍየል ወተት መሸጋገሪያ ይሆናል፤ መሸጋገሪያ የምለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥሩ ድርቆሽና በወተቱ የራሰ ለስላሳ መኖ በዝርግ ሳህን ፊቷ መቀመጥ ስላለበት ነው። ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሪንጁን ትተው ከሳህን ይልሳሉ። ያን ጊዜ ደስ ይበላችሁ እንጂ አትቀየሙ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በግራም ሚዛን መመዘን ግን ግድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትንሽ መቀነስ ያጋጥማል፤ ከዚያ በኋላ ክብደቷ በየቀኑ ጥቂት ግራም ካልጨመረ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ስትወለድ ከ60 ግራም በታች የሆነችውን ደግሞ ለመሞከር እንጂ ተስፋ ለመስጠት አትቸኩሉ።

አሁን ወደ ቫይታሚን ሲ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅር በሉኝ። ብዙ እንስሳት ቫይታሚን ሲ በጉበታቸው ይሠራሉ። ጊኒ ፒግና ሰው አይሠሩም፤ የመጨረሻውን ደረጃ የሚያከናውነው ኢንዛይም የላቸውም። ይህን ዝምድና ሳያውቁ የደረሱበት በዛሬዋ ኦስሎ የነበሩት አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ ናቸው። ቤሪ ቤሪ የተባለውን በሽታ በእንስሳ ላይ ሊያጠኑ ፈልገው ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ አበሏቸው። ያገኙት ግን ቤሪ ቤሪ አልነበረም። ድድ ደማ፤ ጥርስ ተነቃነቀ፤ አጥንት ተሰበረ። ስከርቪ ነበር። ትኩስ ጎመንና የሎሚ ጭማቂ ሲጨመር ግን በሽታው ቀረ። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ከዚያ ሰባ ዓመት አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በስከርቪ ተጠቁ። ይሰጣቸው የነበረው ራሽን ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ አልነበረውም። ጊኒ ፒጓ የነገረችንን ራሽኑን የደለደለው ሰው አልሰማም ማለት ነው። ይህን የምናገረው ለማሳዘን አይደለም። በቤታችን ያሉትንም እንስሳት በዚያው ስሕተት ስናሳድግ ስለማይ ነው።

አንዲት ጎልማሳ ጊኒ ፒግ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 10 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋታል፤ እርጉዝ ስትሆን እስከ 30። ግልገሏ ከእናቷ ወተት ታገኛለች፤ የላም ወተት ግን ይህን አይሰጣትም። ፈሳሽ ቫይታሚኑን በመጠጥ ውኃዋ መቀላቀል አይበጅም፤ ቶሎ ይበላሻል። በቀጥታ ከከንፈሯ ላይ በጠብታ መስጠት ይሻላል። ጥቂት ቆይታ የጎመን ቅጠል ስትቆርጥም ነገሩ ይቀላል። ከገበያ የሚመጣው የተዘጋጀ መኖ ቫይታሚን የተጨመረበት ቢሆን እንኳ ከተፈጨበት ቀን ወዲህ ሦስት ወር ካለፈው በእሱ መተማመን አይቻልም። እኔ ኃላፊ በነበርሁበት ቤት በከረጢቶቹ ላይ ቀን አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እስካሁን የተናገርሁት ግልገሎቹ ሙት ከሆኑ በኋላ ስላለው ነገር ነው። እናቲቱ ለምን ሞተች? ይህን ጥያቄ ለራሴ ያቀረብሁት ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ መዝገቡን ስገልጥ ነው።

የጊኒ ፒግ ግልገሎች ትልቅ ሆነው ስለሚወለዱ ድምር ክብደታቸው ከእናታቸው ክብደት ሲሶ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያሳልፈው የዳሌዋ አጥንት ከፊት በኩል በሚገጥምበት ቦታ ስለሚላቀቅ ነው። መውለጃዋ ሲቃረብ መጋጠሚያው ላልቶ ጣት እስኪያስገባ ይከፈታል። ይህን የሚያደርገው ሪላክሲን የተባለው ሆርሞን ነው፤ ፍሬድሪክ ሂሶው እ.ኤ.አ. በ1926 ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሱበት በዚህችው በጊኒ ፒግ ላይ ነው። መጋጠሚያው በኋላ ሊከፈት የሚችለው ግን እንስሳዋ በወጣትነቷ፣ ስድስት ሰባት ወር ሳይሞላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለደች ነው። ከዚያ ካለፈ አጥንቱ ይገጥማል። ዘግይታ ያረገዘች እንስሳ በምጥ ትሞታለች፤ ወይም ሐኪም ሆዷን ይከፍታል።

በመዝገቡ ላይ ያች እናት ከወንድ ጋር የተገናኘችው በአሥር ወሯ ነበር። መዘግየቱን የፈቀድሁት እኔ ነኝ። ቦታ ጠብቦን ስለነበር «ሴቶቹ ይቆዩ፤ ትልቅ ሲሆኑ ጠንካራ ይሆናሉ» ብዬ ነበር። ለላም የሚሆን አስተሳሰብ ነው። በእጄ ላይ የነበሩት አራት ግልገሎች ሙት የሆኑት በቅዳም ሹር ሳይሆን ከወራት በፊት በዚያ ፊርማዬ ነው። ተንከባካቢዋ ይህን ያውቁ እንደነበር ጠየቅኋቸው። «ያኔ ተናግሬ ነበር፤ ሥራ በዝቶብዎት ነው መሰለኝ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ ታሪክ በክፍል ስናገር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ለክትባት መሞከሪያ ልትሆን ላደገች እንስሳ ሌሊት መቀመጥ ራስን ማታለል አይሆንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ዛሬም ላልፈው አልፈልግም። ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩንም ማቅለል የሚሉ ሦስት ግዴታዎች አስቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ ስለ መጀመሪያው እንከራከርና ሦስተኛውን ለተንከባካቢዋ እንተዋለን። ለተማሪዋ የመለስሁት ይህንን ነው፦ እንስሳዋ ለምን እንደምትኖር የወሰንነው እኛ ነን፤ ስለዚህ እንዴት እንደምትኖር አያገባኝም ለማለት ከሁሉም ያነሰ መብት ያለን እኛው ነን። መልሴ እንዳላረካት ፊቷ ላይ አይቻለሁ። እኔንም ሙሉ በሙሉ አያረካኝም። ግን በትንሿ ሣጥን ፊት ቆሜ ሳለሁ የሚረባኝ ሌላ መልስ አላገኘሁም።

ትንሿ ወደ ሙከራ አልሄደችም። ለሙከራው ክብደታቸው የተቀራረበ እንስሳት ይመረጣሉ፤ እሷ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ስለቀረች ከመደቡ ወጣችና በመራቢያው ቤት ቀረች። በሦስተኛ ሳምንቷ ጡት ስትተው ክብደቷ 170 ግራም ነበር። በአራተኛ ወሯ፣ በዚህ ጊዜ ተንከባካቢዋን አስቀድሜ ጠይቄ፣ ከወንድ ጋር አገናኘናት። የወለደችው በሌሊት ነው፤ ጠዋት ስንደርስ ሦስቱም ደርቀው፣ ተልሰው፣ ከሆዷ ሥር ናቸው። እማማ ሚዛኑን ያዙ፤ እኔ ጻፍሁ፦ 86፣ 91፣ 83።